ኮሪያዊ ሲያመሰግናችሁ «ምንም አይደለም» በሉት

የኮሪያኛ መማሪያ መጽሐፍ ስትከፍቱ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ አጭር ንግግር ታገኛላችሁ። አንዱ ሰው «ካምሳሃምኒዳ» ይላል። አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሌላው «ቸንማኔዮ» ብሎ ይመልሳል። ጎኑ ላይ የእንግሊዝኛው «ዩ አር ዌልካም» ተጽፏል። በቃ፣ ቀላል ነው ብዬ ሸመደድኩት።

ኮሪያ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የማደሪያችንን በር ለጽዳት ሠራተኛዋ ከፈትኩላቸው። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው መወልወያ ይዘዋል። «አይጎ፣ ካምሳሃምኒዳ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ «ቸንማኔዮ!» አልኩ። ሴትየዋ ቆም አሉ፣ አዩኝ፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አሉ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። ሕፃን ልጅ እንደ ሽማግሌ ሲያወራ ሰምተን የምንስቀው ዓይነት ነው። ማታ ለክፍል ጓደኛዬ ብነግረው እሱም ሳቀና «እኔ ራሴ ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም» አለኝ።

ቃሉ ስህተት የለበትም። መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፣ ፈተና ላይ ብትጽፉት ነጥብ ታገኛላችሁ። ችግሩ ሰው በአፉ የማይለው መሆኑ ነው፤ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታል። አንድ ፈረንጅ መርካቶ ውስጥ የወደቀባችሁን ዕቃ አንስቶ ሲሰጣችሁ «አመሰግናለሁ» ብትሉት፣ እሱም «ኧረ ይህን ያህል ምስጋና የሚገባኝ ሰው አይደለሁም» ብሎ እጅ ቢነሳ ምን ይሰማችኋል? እንደዚያ ነው።

ቃሉ ራሱ ግን ደስ ይላል። «ቸን» ሺህ ነው፣ «ማን» አሥር ሺህ። ኮሪያውያን ትልልቅ ቁጥር የሚቆጥሩት በአሥር ሺህ እየጠቀለሉ ስለሆነ ሺህ ጊዜ አሥር ሺህ፣ ማለትም 10 ሚሊዮን፣ «ቸንማን» ይባላል። (ሲኒማ ወዳዶች ሲያወሩ ብትሰሙ «የቸንማን ፊልም» ይላሉ፤ 10 ሚሊዮን ተመልካች ያገኘ ማለት ነው፣ እዚያ አገር የፊልም ሠሪ ሁሉ ሕልም።) ሙሉው አባባል ቃል በቃል ሲተረጎም «የአሥር ሚሊዮን ንግግር ነው» እንደማለት ነው፤ ያልከው ነገር ከልኩ እጅግ አለፈ፣ ለእኔ አይገባም የሚል መንፈስ አለው። ከመጨረሻው የትህትናዋን «ዮ» ቆርጣችሁ «ቸንማኔ!» ካላችሁ ደግሞ ትርጉሙ «በጭራሽ!» ይሆናል፤ ሞቼ እገኛለሁ እንደምንለው።

ልብ አድርጉ፤ ቃሉ ከሥሩ እምቢታ ነው። እንግሊዝኛው ምስጋናውን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ኮሪያኛው ገፋ አድርጎ ይመልሳል። እኛስ? «አመሰግናለሁ» ያለንን ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» አንለውም። «ኧረ ምንም አይደል» እንላለን። «ምን አደረግኩና?» እንላለን። «እግዜር ይስጥልኝ» ላለን «አብሮ ይስጠን» ብለን ምርቃቱን ለሁለት እንካፈለዋለን እንጂ ብቻችንን ኪሳችን አንከተውም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ኮሪያኛ ሲማር በእንግሊዝኛ በኩል መዞሩ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ለመሄድ በጎንደር ማለፍ ማለት ነው።

እና ሰው የሚለው ምንድን ነው? «አኒኤዮ»።

«አይደለም» ማለት ነው። በቃ። ምኑ እንዳልሆነ አይነገርም። ምስጋና የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፣ ሥራ አይደለም፣ ድካም አይደለም፤ የፈለጋችሁትን ሙሉበት። የኛው «ምንም አይደለም» ከ«ምንም» ተለይቶ ብቻውን ሲቀር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ረጋ ብሎ የሚል ጥቂት ነው፤ ቶሎ ቶሎ «አኒኤዮ፣ አኒኤዮ» ይሉታል፣ እጃቸውን ደረታቸው ፊት እያወዛወዙ፣ አንገታቸውን ጎንበስ እያደረጉ። ከፊቱ «ኤይ» ይጨመርበታል። «ኤይ፣ አኒኤዮ።» ይቺ «ኤይ» የኛ «ኧረ» ናት፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁላትም።

አሁን የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ደረስን። አማርኛ «ምንም አይደለም» ለሕፃንም ለጳጳስም አንድ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለው ልዩነት አለን፣ ግን የሚታየው ስለዚያ ሰው ስንናገር ነው፤ «በላህ»፣ «በላሽ»፣ «በሉ»። «አይደለም» ስንል ስለ ነገሩ ነው የምናወራው፣ ስለዚህ አይለወጥም። ኮሪያኛ ግን አክብሮቱን የሚያስቀምጠው የግሡ ጭራ ላይ ነው፤ የምታወሩት ስለ ዝናብ ቢሆንም፣ ስለ ወንበር ቢሆንም፣ የሚሰማችሁ ሰው ማን እንደሆነ ጭራው ይናገራል። ስለዚህ ያቺው «አይደለም» ሦስት ልብስ አላት። ለጓደኛና ለታናሽ «አኛ» (ዘርዘር ሲል «አኒያ»)። ለአብዛኛው ሰው «አኒኤዮ»። ለአለቃ፣ ለፕሮፌሰር፣ ለማታውቁት ትልቅ ሰው፣ ለስብሰባ «አኒምኒዳ»። የመጀመሪያው ንግግር «ባንማል» ይባላል፤ ግማሽ ንግግር ማለት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ለትልቅ ሰው ከተናገራችሁት ግማሹን እንደቆረሳችሁበት ይቆጠራል።

እኛ ታዲያ አንዷን ይዘን ለሁሉም እናድላለን። አንድ የማውቀው ልጅ ከጓደኞቹ «አኛ»ን ለቀመና የሚሠራበት ቦታ ኃላፊ ሲያመሰግኑት «አኛ አኛ» አላቸው። ፈገግ ብሎ፣ በሙሉ ትህትና። ሰውየው የውጭ ዜጋ መሆኑን አስበው ዋጡት። በአማርኛ ብናስበው የስልሳ ዓመት አለቃውን ትከሻቸውን መታ አድርጎ «ችግር የለም ጓዴ» ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ ከተጠራጠራችሁ «አኒኤዮ»፣ ከፈራችሁ «አኒምኒዳ»። ከልክ በላይ ያከበረን ሰው የሚቀየም የለም። ወንዶቹ ኮሪያውያን «አኒምኒዳ»ን በደንብ የሚለማመዱት ውትድርና ላይ ነው፤ ግዳጅ ስለሆነ አብዛኛው ወንድ ያልፍበታል፣ እዚያም ለረጅም ጊዜ ንግግር ሁሉ በዚህ በጠንካራው ጭራ እንዲያልቅ ይጠበቅ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። «እርስዎ» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አትድከሙ። መዝገበ ቃላት «ዳንግሺን» ይላችኋል፣ እሱን ለማታውቁት ሰው ብትሉት ጠብ የፈለጋችሁ ይመስላል። ሰው የሚጠራው በማዕረጉ ወይም በዝምድና ስም ነው፤ አስተማሪዬ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ እትዬ፣ አያቴ። እዚህ ላይ አገር ቤት ናችሁ። ጋሼና እትዬ ብሎ ላደገ ሰው ይሄ ትምህርት አይደለም።

«ኩዌንቻናዮ» የምትባል ቃል ደግሞ አለች፤ «ችግር የለም» እንደማለት። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። እኛ ይቅርታ ለጠየቀንም፣ ላመሰገነንም «ምንም አይደለም» ስለምንል፣ «ኩዌንቻናዮ»ም ለሁለቱም ትሆናለች ብለን እናስባለን። አትሆንም። እሷ የይቅርታ መልስ ናት። እግራችሁን የረገጠ ሰው ይቅርታ ሲል ትሰጡታላችሁ። ተጨማሪ ሩዝ ይፈልጋሉ ወይ ስትባሉም «ይቅርብኝ» ለማለት ትሆናለች። ምስጋና ላይ ካመጣችኋት ግን ሰውየው ትንሽ ግር ይለዋል፤ የበደላችሁን ያህል «ግድ የለም፣ ይቅር ብያለሁ» ያላችሁት ይመስላል። «አኒኤዮ» ግን ሁለቱም ቦታ ትሠራለች። ሦስተኛም ቦታ አላት፤ ሙገሳ። «አንኘንግሃሴዮ» ብላችሁ ሰላምታ ከመስጠታችሁ «ኮሪያኛ እንዴት ጎበዝ ነዎት!» የሚል ሰው አይጠፋም። ያኔም «አኒኤዮ» ነው፤ «ገና ነኝ» ብላችሁ ብትጨምሩበት ደግሞ እውነትም ጎበዝ ናችሁ ይላሉ።

ትንሽ ነገር ሆኖ ሲያመሰግኗችሁ፣ እስክሪብቶ አቀብላችሁ፣ አሳንሰር ይዛችሁ፣ «ምወልዮ» ማለት ይቻላል። «ምኑን?» ማለት ነው። የኛ «ምን አደረግኩና» በአንድ ቃል። የሚያምረው ግን እንግዳ ሲመጣ ነው። እንግዳው ፍራፍሬ ወይ ኬክ ይዞ ይገባል፣ ባለቤቷ በር ላይ «ምወል ኢረን ገል ዳ!» ትላለች፤ ምነው ይሄን ሁሉ፣ ለምን ተቸገራችሁ ማለት ነው። እንግዳው «ብየልገ አኒኤዮ» ይላል፤ ይቺ ምን አላት፣ ትንሽ ነገር ናት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሰሃን ተደርድሮ ሳለ «ምንም ያዘጋጀሁት የለም እንጂ በደንብ ብሉ» ይባላል። ይህን ስሰማ አክስቴ ትዝ አሉኝ። ዶሮው፣ ቅቅሉ፣ አልጫው፣ ጎመኑ፣ አይቡ ቀርቦ «ዛሬ ቤቱ ባዶ ነው፣ ይቅርታ» የሚሉ ሴት ናቸው።

«ብየል» ስንል ኮከብ ማለትም ነው፣ እዚህ ያለችው ግን ሌላዋ ናት፤ ከቻይንኛ የተወሰደችው፣ «የተለየ» ማለት የሆነችው። «ብየልገ አኒኤዮ» የተለየ ነገር አይደለም። ከዚሁ ቃል አንድ ጨዋ መልስ ይወጣል፦ «ብየልማልስምልዮ»። አፍ ላይ ትንሽ ታስቸግራለች፣ ግን ልመዷት። «ማልስም» የአክብሮት «ንግግር» ነው፤ እናንተ የምትናገሩት «ማል» ነው፣ ትልቅ ሰው የሚናገረው «ማልስም»። ስለዚህ ትርጉሙ «ኧረ ምን ማለትዎ ነው» ይሆናል። የሥራ ቦታ፣ የደንበኛ፣ የአማት ቃል ናት። ለጓደኛ ብትሏት ለቀልድ ካልሆነ በቀር ይሳቅባችኋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የምሥራች አለ። የፈረንጅ ተማሪን ዓመት የሚያለፉ ሁለት አናባቢዎች አሉ፤ ለእኛ ግን አፋችን ውስጥ የኖሩ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ የግዕዙን «ኧ» ይመስላል፤ «ቸን» ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው፣ «ቾን» ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሌላው ሳድሷን «እ» ይመስላል፤ «ማልስም» ውስጥ ያለችው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል ይደረደርላቸዋል፤ እኛ አንድ ፊደል ይበቃናል። «ካምሳሃምኒዳ» ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ ድምፅ በ«ክ» እና በ«ግ» መሃል ናት፣ ሁለተኛዋ «ም» ደግሞ በኮሪያ ፊደል «ብ» ተብላ ነው የምትጻፈው፤ ከ«ን» ፊት ስትመጣ በአፍንጫ ትወጣለች። እንደተጻፈ ካነበባችሁ ሮቦት ትመስላላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ሒሳብ ከፍላችሁ «ካምሳሃምኒዳ» ስትሉ ገንዘብ ተቀባይዋ «ኔ» ትላለች። «አዎ» ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ከፍቶኝ ነበር፣ «አዎ፣ ማመስገን አለብህ» ያለችኝ መሰለኝ። (በዚያ ላይ እኛ ጆሮ ላይ «ዴ» ሆና ነው የምትሰማው፤ በቃል መነሻ ያለችውን «ን» አጠንክረው ስለሚጀምሩ።) ከ«ኔ» ቀጥሎ እሷም «ካምሳሃምኒዳ» ትላለች፣ «ደህና ይሂዱ» ትላለች፣ አለቀ። ባለሱቁ ምስጋናን አይክድም፤ ምክንያቱም የሚያመሰግነው እሱ መሆን አለበት። ምስጋናን በምስጋና መመለስ ከሱቅ ውጭም ይሠራል፤ «ጄጋ ደ ካምሳሃጆ» ማለት «እንዲያውም የማመሰግነው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ሁለታችሁም የተጠቀማችሁበት ነገር ከሆነ ከ«አኒኤዮ» ይልቅ ይሄ ያምራል። ለእኔ «አብሮ ይስጠን»ን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው።

ምግብ ላይ ጉዳዩ ከቃል ያልፋል። ኮሪያ ውስጥ አብረው ሲበሉ በአብዛኛው ትልቁ ይከፍላል፤ ትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው፣ ሥራ ቦታ ቀድሞ የተቀጠረው። ቀደም ያለው «ሰንቤ» ይባላል፣ ተከታዩ «ሁቤ»። ሁቤው ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» ብሎ አይቆምም፤ «በደንብ በላሁ» ይላል፣ «ጃል መገስምኒዳ»። ሰንቤው «እሺ» ይላል፣ ወይም «ጣፈጠህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሁቤው «ቡናውን እኔ» ማለት አለበት። ካላለ ማንም ምንም አይለውም፣ ግን ይታወቅበታል። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሦስቴ በነፃ በልቼ፣ በጥሩ ኮሪያኛ አመስግኜ፣ ወደ ማደሪያዬ ገባሁ። ሼም ነው፣ አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ዕቃ ሲሰጣችሁ በሁለት እጅ መቀበል፣ ወይም ቀኝ እጅን በግራ ደገፍ አድርጎ መቀበል ግን የሚያስተምረን አያስፈልግም። ኮሪያውያን እኛ ይህን ስናደርግ ሲያዩ «ማን አስተማራችሁ?» ይላሉ። እናቴ።

ስልክ ላይ ሲሆን አጭር ነው። ኮሪያውያን መልእክት በሚለዋወጡበት ካካኦቶክ ላይ «አኒኤዮ» ብሎ በአራት ነጥብ መዝጋት ይቀዘቅዛል፤ የተቆጣችሁ ይመስላል። መጨረሻው ላይ የተጠማዘዘች መስመር ወይም የ«ህ» ድምፅ ያላትን ፊደል ሁለቴ ያደርጋሉ፣ «ህህ» እንደማለት፤ ያኔ ፈገግታው ይታያል። አጻጻፉ ላይ «አኒኤዮ» እና «አኒዬዮ» ኮሪያውያን ራሳቸው የሚምታታባቸው ናቸው፤ ትክክሉ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጉዳይ ቀረኝ፤ እኛን ብቻ የሚገጥመን ነው። በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) በኮሪያ ጦርነት ለመዋጋት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ ቡሳን ወደብ ወረደ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ አልነበረም ይባላል፣ ይህን ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ኮሪያውያን ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጡ አዛውንት ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃሉ። «ኢትዮጵያ» ትላላችሁ። ሰውየው ከመቀመጫቸው ተነስተው ጎንበስ ብለው «ካምሳሃምኒዳ» ይላሉ። ለእናንተ። በሃያ ምናምን ዓመታችሁ፣ ጀርባችሁ ላይ የተማሪ ቦርሳ አንጠልጥላችሁ።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ በልማድ «አኒምኒዳ» አልኩ። ጭራው ትክክል፣ አንገቴም ጎንበስ ብሏል። ግን ከባቡሩ ከወረድኩ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ምኑን ነው «አይደለም» ያልኩት? የእኔ ያልሆነን ነገር «ምንም አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው? እዚያ የሞቱት ሰዎች ነገር ምንም አይደለም ነው? ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኩት። አሰበና አንድ አረፍተ ነገር ጻፈልኝ፦ «ኪኧኬ ጁሸሰ ካምሳሃምኒዳ»። ስላስታወሱልን አመሰግናለሁ።

ቹንቸን ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ከተማ ነው። ውሃው ዳር ለኢትዮጵያ ዘማቾች የቆመ ሐውልት አለ፤ በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) ንጉሠ ነገሥቱ ኮሪያን ሲጎበኙ ተገኝተውበታል። አጠገቡ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት የተሠራ መታሰቢያ አዳራሽ አለ። እዚያ ሄጄ ስዞር ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ አዩኝ፣ ጠየቁኝ፣ ጎንበስ አሉ። እኔም የተለማመድኩትን አልኩ፣ ምናልባት አንዷን አናባቢ ስቼ ይሆናል። ሽማግሌው ሁለቱንም እጃቸውን እያርገበገቡ «ኤይ፣ አኒኤዮ፣ አኒኤዮ» አሉኝ።